ቢቸና የተጻፈው ሞጣ እስኪደርስ

ሞጣ ላይ ሁሉም ነገር ፈጣን ነበር። ስለ ከተማዋ አይደለም የምናገረው፤ ስለሠራሁት ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ የተቀመጠው እኔ ከምሠራበት ክፍል አጠገብ፣ ድሮ ዕቃ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በመካከላችን አንድ ግድግዳና አንድ ሽቦ ብቻ አለ። እኔ እዚህ «መዝግብ» የሚለውን ስጫን፣ ጣቴን ሳላነሳ እዚያ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ቦታ ተቀምጦ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አገሩ ሁሉ ከሰርቨር ጎን ያለ ይመስለዋል። እኔም ለወራት መስሎኝ ነበር።

ድርጅታችን ትንሽ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊትና የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች በየወሩ መድኃኒት ያቀርባል። መጋዘኑ ሞጣ ነው። ቢቸናና የጁቤ ደግሞ በተከራየናቸው ቤቶች ውስጥ አንዳንድ ነርስ ተቀምጣለች። ነርሷ በሽተኛውን ታያለች፤ በላፕቶፕዋ ካርዱን ከፍታ ለሚቀጥለው ወር የሚያስፈልገውን ትጽፋለች፤ የጻፈችው በሞባይል ኢንተርኔት ሞጣ ይደርሳል። የሞጣዋ ፋርማሲስት ያንን አይታ የየሰዉን መድኃኒት ለየብቻ ታሽግና ካርቶኑን በአውቶቡስ ትልካለች። ነርሷ የጻፈችው ሞጣ ካልደረሰ መድኃኒቱም ቢቸና አይደርስም። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ሥራው በስልክና በቁርጥራጭ ወረቀት ነበር የሚሠራው። አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይላክለታል፣ ሌላው ባዶውን ይመለሳል። እኔ ስቀጠር ይህን አስቆምኩ። «ያለ ሲስተም አንድ ፍሬ አይወጣም» የሚለው ደንብ የእኔ ነው፤ በትልልቁ አትሜ መጋዘኑ በር ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ፋርማሲስቷ ደንብ የምትወድ ሴት ስለሆነች ቃል በቃል ያዘችው። ሁለታችንም ኮራን።

ስሞታው የጀመረው ወዲያው ነው። የቢቸናዋ ነርስ «ሲስተሙ ይሽከረከራል» ትላለች። የየጁቤዋ «ጠዋት ደህና ነው፤ ረፋድ ላይ ድርቅ ብሎ ይቆማል» ትላለች። ፋርማሲስቷ ደግሞ በየሳምንቱ ከቢቸና ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ይነገራታል። ካርዱን ከፍታ ስታይ ያለፈው ወር እንጂ የዚህ ወር ትእዛዝ የለም። ነርሷ ግን ጽፌአለሁ ብላ ትምላለች። የተጻፈው መንገድ ላይ የውሃ ሽታ ይሆናል።

እኔ እንግዲህ ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ ጣልኩ። ኔትወርክ የማይከራከር ተከሳሽ ነው። ሞደም ቀየርኩ፣ ሲም ቀየርኩ፣ የየጁቤውን ቤት ቆርቆሮ ላይ አንቴና ሰቀልኩ። ከዚያም ወደ ፕሮግራሙ ገባሁ። ነርሷ አንዲት ቁጥር ብትቀይር የሰውየውን ካርድ በሙሉ፣ ከልደት ዘመኑ እስከ ቀበሌው፣ ጠቅልሎ ይልክ ነበር። የተቀየረችው ቁጥር ብቻ እንድትሄድ አደረግሁ። የየጁቤው ነገር በግማሽ ተሻለ። የቢቸናው ግን ወይ ፍንክች።

ያኔ ጥርጣሬዬ ወደ ሴትየዋ ዞረ። የቢቸናዋን ነርስ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ከደቡብ መጥታ ተመድባ የቀረች፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ጴንጤ ናት፤ ይህም ሆኖ የከተማው ቄሶች ሳይቀሩ ደም ግፊታቸውን የሚለኩት እሷ ጋ ነው። በስልክ ስናወራ ሁልጊዜ ከበስተጀርባ ጨዋታና ሳቅ እሰማለሁ። ሥራውን ትታ ወሬ ትሰልቃለች አልኩ። ለፋርማሲስቷም አልኳት። አንድ ቀን በስልክ «ሲስተር፣ ቁልፉን መጫንሽን እርግጠኛ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አንተ ቁርስ መብላትህን እርግጠኛ ነህ?» አለችኝና ዘጋችው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን እስካልፍ ድረስ የምናገራትን ስደረድር ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ ተራ ይጠብቃል። በውስጠኛው ሲስተር ጠረጴዛዋንና ላፕቶፕዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ከኋላዋ መስኮት፣ ከጎኗ የመድኃኒት ቁም ሣጥን አለ። እኔ አሠራርሽን ልይ ብያት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጥግ ላይ ተቀምጬ የተበላሸ ስታቢላይዘር የምጠግን መሰልኩ። ሲስተር ለሚገባው ሰው ሁሉ «እሱ የማሽን ሰው ነው፤ ጆሮ የለውም» እያለች ታስተዋውቀኛለች። ሰዉም አምኖ ረሳኝ።

የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ሲስተር ካርዱን ከፈተች። ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠየቀችው። ስለ ጤፉ፣ ስለ በሬው፣ ደጀን ስለሚማረው ልጁ ጠየቀችው። ብዙ ቆይታ ስኳሩን ለካች፣ ጻፈች፣ ሸኘችው። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ትዕግሥቴ አለቀ። ካርዱ ከተከፈተ ወዲህ ጤፍ ሊታጨድ ይችል ነበር።

ከዚያ አንዲት ልጅ እግር ሴት ገባች። ሲስተር እሷንም ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ጠየቀቻት። ነገር ግን በጨዋታው መካከል ሴቲቱ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የነጠላዋን ጫፍ ጣል አደረገችበት። ሲስተርም እጇን ከነጠላው ሥር አስገባች። የከብት ነጋዴዎች ዋጋ ሲነጋገሩ እንደሚያደርጉት ነው። በኋላ እንደገባኝ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዚያ ወር ስንት ጊዜ እንደጣላቸው ለሲስተር የሚነግሯት በጣታቸው ነው፤ በሩ ስስ ሳንቃ ስለሆነ። ያልጣለው ሰው እጁን ጨብጦ ይሰጣታል። ይህች ሴት የተጨበጠ እጅ ነበር የሰጠቻት።

ሲስተር ጽፋ «መዝግብ»ን ተጫነች። ምልክቱ መሽከርከር ጀመረ። እየተሽከረከረ ሳለ ተራ የደረሳቸው ሽማግሌ በሩን ገፋ አድርገው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ሲስተርም ዐይኗን ከሽማግሌው ሳትነቅል ላፕቶፑን ቀጭ አድርጋ ከደነችው።

ለወራት አንቴና የሰቀልኩለት፣ ሲም የቀያየርኩለት፣ ሰው ያማሁበት ነገር እፊቴ ሆነ። ፕሮግራሙን ስሠራ አንድን ካርድ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይነካካው መቆለፊያ አድርጌበት ነበር። ሲስተር ካርድ ስትከፍት ሞጣ ያለው ሰርቨር ይቆልፈዋል፤ ጽፋ ስትጨርስ ይፈታዋል። ዳታቤዙ አሮጌ ስለሆነ ደግሞ አንዱን ካርድ ሲቆልፍ ጎረቤቶቹንም አብሮ ይቆልፋል። ሲስተር ቢቸና ላይ ስለ ጤፍ ስትጨዋወት የጁቤ ያለችው ጓደኛዋ ድርቅ ብላ የምትጠብቀው ለዚህ ነው። ክዳኑ ሲከደን ነገሩ ይብሳል። ላፕቶፑ ይተኛል፣ መስመሩ ይቆረጣል፤ ሰርቨሩ ግን አሁን ትጨርሳለች ብሎ ይጠብቃል። ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው የጀመረችውን ይሰርዘዋል። ሲስተር ክዳኑን መልሳ ስትገልጥ የጻፈችው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብሏል። ለእሷ ተመዝግቧል። ሞጣ ግን የለም።

ያን ጊዜ ግን ይህን ለማስረዳት ፋታ አልተገኘም። ሴቲቱ ገና አልወጣችም ነበር። ሲስተር ሽማግሌውን «ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ» ብላ በሩን ዘጋችና ከሞጣ በመጣው ካርቶን ውስጥ የሴቲቱን ፖስታ ትፈልግ ገባች። ፖስታዎቹ ስም የለባቸውም፤ ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። አንድ በአንድ አየቻቸው። የሴቲቱ አልነበረም። ያለፈው ወር ትእዛዟ፣ ማን ያውቃል የማን አንገት በበሩ ብቅ ሲል፣ በክዳኑ ሥር ቀርቷል።

ሴቲቱ ቀስ ብላ፣ ለሹክሹክታ በቀረበ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ ያለሱማ ይጥለኛል» አለች። «ከጣለኝ ደግሞ ወደ አባቴ ቤት ነው።»

ነገሩን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ በተነጋገሩት ነው። በልጅነቷ ይጥላት ነበር። መድኃኒቱን ጀምራ ሲተዋት አገባች፤ ለባሏም ለአማቷም የነገራቸው ሰው የለም። መኖሪያዋ ከቢቸና ወዲያ ገጠር ነው። ወደ ከተማ የምትወጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ ጨውና በርበሬዋን ገዝታ በዚህ በኩል ታልፍና ምልክት ያለበትን ፖስታ መቀነቷ ውስጥ ትከታለች። በዚህ ዓይነት ትዳሯ እስከዚያ ቀን ድረስ ደህና ነበር።

ሲስተር አገር ለቆ የሄደ ሰው ያልወሰደው ጥቂት ፍሬ አግኝታ ሰጠቻት። እስከሚቀጥለው ገበያ አያደርስም። «በመካከሉ ብቅ ማለት አትችይም?» አለቻት።

«በምን ሰበብ?»

«ስልክ ብደውልልሽስ?»

«ስልኩ የባሌ ነው።»

«እሺ ሰው ልላክ።»

«ሰውማ ከመጣ አለቀልኝ» አለች ሴቲቱ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ በወንበሩ ላይ የተደረደሩትን ሰላም ብላ ስታልፍ ምንም የሆነች አትመስልም።

ሽማግሌው ገብተው እስኪወጡ ጠብቄ ለሲስተር ነገርኳት። የማወቅ ደስታና ንዴት አንድ ላይ ይዘውኝ ስለነበር የጮኽኩባት ይመስለኛል። «ክዳኑን አትዝጊው» አልኳት።

«ካልዘጋሁት ሰው ስሙን ያያል።»

«ስክሪኑን አዙሪው።»

«ከኋላዬ መስኮት አለ። መስታወቱ ላይ ይነበባል።»

«እንግዲያውስ ካርዱን መጨረሻ ላይ ክፈቺው።»

«ያለፈውን ሳላይ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? በቃሌ ልያዘው?»

«ጨዋታውን ቀንሺዋ!»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «ለስኳሩ ቶሎ፣ ለእሷ ብዙ ብቆይ ውጭ ያለው ሰው ምን ይላል? ከዚህ በር ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። ለሁሉም እኩል ካልቆየሁ ማን ለምን እንደመጣ በአንድ ወር ያውቁታል» አለችኝ። ቀጠለችና «ይልቅ አንተ፣ ሳይመዘገብ ተመዝግቧል የሚመስል ነገር እንዴት ትሠራለህ?» አለች። እሷም ቢሆን ምልክቱ እስኪቆም መጠበቅ እንደነበረባት በሥልጠናው ነግሬያት ነበር፤ ይህንንም አልሸሸግኋትም። ተኳርፈን ምሳ በላን።

ከምሳ በኋላ ፋርማሲስቷ ጋ ደውዬ የሴቲቱን ምልክት ነገርኳት። «የዚያች ሴት መድኃኒት ዛሬውኑ ይታሸግ» አልኳት።

«ሲስተሙ ላይ የለችም።»

«አውቃለሁ።»

«ደንቡ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ቅደጂው።»

አልቀደደችውም፤ ግን በማግስቱ ጠዋት በምታውቀው ሾፌር ላከችው። ከሰዓት በፊት ፖስታው ሲስተር መሳቢያ ውስጥ ነበር። እዚያው ተቀመጠ። መድኃኒቱ ቢቸና፣ ሴቲቱ በእግር የሚደረስ ገጠር፤ በመካከላቸው ግን የሚቀጥለው ገበያ። ይዤላት ልሂድ ብል ቤቷን አላውቅም፤ ባውቅም ማን ነኝ ብዬ ነው የምደርሰው? ሲስተር መሳቢያውን በየጊዜው ከፈት አድርጋ ታየውና ትዘጋዋለች። እኔም እንዳላየ እሆናለሁ።

የሚቀጥለው ገበያ እስኪመጣ ቢቸና ቀረሁ። ከሁሉም በፊት ላፕቶፑ ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ አደረግሁት። ይህ ቀላሉ ነው፤ ማሽኑ እንዳይግል ብቻ ከሥሩ የተሰበረ የወለል ሴራሚክ ይነጠፍለት ተባለ። ዋናው ሥራ የመቆለፉ ነገር ነበር። ሲስተርን መቀየር እንደማይቻል ገብቶኛል፤ መቀየርም አልነበረባትም። ስለዚህ ካርድ መክፈት ብቻውን ምንም እንዳይቆልፍ አደረግሁ። የፈለገችውን ያህል ከፍታ ትጨዋወት። ስትጽፍ ደግሞ የጻፈችው መጀመሪያ እዚያው ላፕቶፕዋ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሞጣን አይጠብቅም። ከዚያ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ በራሱ፣ የተቀየረችውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ሰርቨሩም የሚቆልፈው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ነው። ሞጣ ያለው ማሽን «ደርሶኛል» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ካርዱ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ ይኖራል። ቀዩ ካልጠፋ አልደረሰም። እንዲህ ቀላል ነገር ነው ለወራት ሰው ያጉላላው።

መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ በተውሶ ባትሪ ነው የጨረስኩት። ሲስተር ሆን ብላ ትጽፍና ወዲያው ክዳኑን ትከድናለች፤ እኔ ሞጣ ደውዬ «መጣ?» እላለሁ፤ ፋርማሲስቷ «እያየሁት ተቀየረ» ትላለች። ኩርፊያችን እዚያ ላይ አለቀ። ከየጁቤ ደግሞ ነርሷ ደውላ «ዛሬ ረፋዱን ምን ሆኖ ነው ያልቆመው?» አለች፤ መቆሙን ከመልመዷ የተነሳ አለመቆሙ አሳስቧታል። ደስ አለኝ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሰው እንደ ወትሮው መጣ፣ ወንበሩ ሞላ። ሲስተር ስለ ዝናብ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ትከድናለች፤ ቀዩ ነጥብ እየበራ ይጠፋል። ሴቲቱ አልመጣችም። ረፋድ ላይ ገና ነው አልን። ከምሳ በኋላ አህያ እየነዳ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሰው በመስኮት አየን። ሲስተር ማውራት ቀነሰች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። እኔም ጥሩ ነገር አልጠረጠርኩም።

ልንዘጋ ስንል አንዲት እናት ገቡ። ጥላቸውን አጥፈው በሩ ሥር አቆሙና ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ሲስተር የምትባይው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ እናቴ። ይቀመጡ፤ ምን ልርዳዎት?»

«የምራቴን መድኃኒት ልወስድ ነው» አሉ። የትኛዋ እንደሆነች ስሟንና የአባቷን ስም ጨምረው ተናገሩ።

ሲስተር ፊቷ ቅንጣት አልተለወጠም። «እናቴ፣ ተሳስተው ይሆናል። በዚህ ስም የማውቃት ሰው የለችም» አለች። እንደዚያ አምሮበት የዋሸ ሰው አላየሁም።

«እሰይ» አሉ እናትየዋ። «እንዲህ ነው። አላውቃትም በይ። ለመጣ ሁሉ እንዲሁ በይ።» ከዚያ ተቀመጡ።

«ልጄ ባመጣት በመጀመሪያው ክረምት ተደብቃ ስትውጥ አየኋት» ብለው ጀመሩ። «እኔ ደግሞ ልጅ ማስቀሪያ መስሎኝ አንጀቴ አሮ ነበር። ኋላ ሳስተውል እሳት ስትፈራ፣ ወንዝ ለብቻዋ አልሄድም ስትል። ታናሽ እህቴን ይኸው ነገር ነው የቀጠፋት። አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሏት?»

«ምን ልበላት? ብነግራት ታፍራለች። ካፈረች ትሄዳለች። ደግ ልጅ ናት፤ እንድትሄድብኝ አልፈልግም። በየወሩ ጨው ግዢ ብዬ ገበያ የምልካት እኔ አይደለሁም? ቤቱ ጨው በጨው ሆኗል።»

እናትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና ቀጠሉ።

«ባለፈው ገበያ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ባዶዋን እንደተመለሰች ገባኝ። ያኔውኑ ራሴ መምጣት ነበረብኝ። ዝም መባባሉ ልማድ ሆኖብን፣ ዛሬ ነገ ስል፣ የያዘችው አለቀ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምድጃው ዳር ወድቃ አገኘኋት። ቀኝ እጇ እሳቱ ውስጥ ነበር።»

በጥጌ አቀረቀርኩ። ያቺ እጅ ነጠላ ሥር ስትገባ አይቻታለሁ።

«ክብሪት ለኩሼ አስሸተትኋት፤ እኛ የምናውቀው እሱን ነው» አሉ እናትየዋ። «ለልጄ ጾሙ አዙሮ ጣላት አልኩት። ለእሷም እንዲሁ አልኳት። ጤና ጣቢያ ወስደናታል። ቁስሉ ይድናል፤ ሁለቱ ጣቶች ግን እንደ ድሮው አይዘረጉም ብለውናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ይህስ ማነው?»

«የማሽን ሰው ነው» አለች ሲስተር።

«ምን ሆኖ ነው ያቀረቀረው?»

«ደክሞት ነው እናቴ።»

ሲስተር መሳቢያውን ከፍታ ፖስታውን አወጣች። ቶሎ አልሰጠቻቸውም። «እንዴት አድርገው ነው የሚሰጧት?»

«አልሰጣትም። የምታስቀምጥበትን አውቃለሁ፤ እዚያው እከተዋለሁ።»

«ስታገኘውስ ምን ትላለች?»

«እሱን እሷ ታስብበት» አሉና ፖስታውን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ስለ አወሳሰዱ ሲስተር ልትነግራቸው ስትጀምር ከአፏ ነጠቋት፤ ሰዓቱን ከእሷ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ጥላቸውን አንስተው ወጡ።

ሲስተር ካርዱን ከፈተች። መድኃኒት ዘግይቶ ሲወሰድ ፕሮግራሙ ምክንያት ይጠይቃል፤ እንዲጠይቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። በሽተኛው ረስቶ፣ በሽተኛው ታሞ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሌላ። ከእኛ የተነሳ ሊዘገይ ይችላል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ እሱን የሚመርጡበት ቦታ አልነበረውም። ሲስተር ጥቂት አየችውና «ሌላ» የሚለውን ነክታ መዘገበች። ቀዩ ነጥብ በርቶ ወዲያው ጠፋ። ፈጣን ነበር፤ ያ ፍጥነት አናደደኝ። በማግስቱ ሞጣ ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ያንን ምርጫ መጨመር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቢቸና ላይ የጠፋ ትእዛዝ የለም። የየጁቤዋም መጠበቅ ትታለች። ፋርማሲስቷ ደንቡን ከበሩ ላይ አላነሳችውም፤ ከሥሩ ግን በእስክሪብቶ «ሲስተም ቢሳሳት ይደወል» የሚል ጨምራበታለች። እኔም አዲስ ነገር ስሠራ ላፕቶፔን ይዤ ከሞጣ ወጣ እልና ኔትወርክ ከሚያነክስበት ቦታ ሆኜ እሞክረዋለሁ።

በወሩ፣ በገበያ ቀን፣ ሲስተር ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም። አሁንም ማሽኑ ቆመ ብዬ ደነገጥኩ።

«ማሽንህ ደህና ነው» አለችኝ። «ልጅቷ መጥታ ነበር።»

እጇ ገና እንደታሰረ ነው። ገብታ ከመቀመጧ በፊት በደህናው እጇ በጨርቅ የተቋጠረ የሽምብራ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሲስተር «ይህ ምንድን ነው?» ብትላት «አማቴ ናት የላከችው» አለች።

«ለማን?»

«'ለምታክምሽ ሴት ስጪልኝ' አለችኝ።»

ሲስተር፣ ሌላስ ምን አለችሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ሌላ ምንም አላለችኝም» አለች ልጅቷ። በሩ ክፍት ነበር፣ ወንበሩም ሙሉ ነበር፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ዛሬ ጨው ግዢ አላለችኝም።»